ሁለት ሜትር ስፋት ላለው ቤት የሚሆን ውሻ

የእንግሊዝ ጠባብ የቦይ ጀልባ ከውጭ ሲለካ ስፋቱ 2.1 ሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱ ግን 20 ሜትርን ሊያልፍ ይችላል። ቅርጹን የወሰኑት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ሎኮች ናቸው። ሎክ ግራና ቀኙ ግንብ፣ ፊትና ኋላው በር የሆነ የውኃ ክፍል ነው፤ ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውኃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል ጀልባው ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው የቦዩ ክፍል ይሸጋገራል። ሎኮቹ ጠበው ስለተሠሩ ጀልባውም ጠቦ ቀረ። በፊት የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ይመላለስበት የነበረው ይህ ጀልባ ዛሬ ለብዙ ሰው ቋሚ መኖሪያ ሆኗል። ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎች በፓዲንግተን ወይም በካምደን በኩል የሪጀንትስን ቦይ ተከትላችሁ ስትሄዱ አይታችሁት ይሆናል፤ በብረት ጣሪያው ላይ የተደረደረ ማገዶ፣ የአበባ ማሰሮ፣ ብስክሌት፣ በመካከላቸው ደግሞ የተጋደመ ውሻ።

ለእንዲህ ያለ ቤት የሚስማማው የውሻ ዝርያ የትኛው ነው? ብዙ ሰው ሳያመነታ "ትንሹ" ይላል። ሌላው "ዋና የሚችለው" ይላል፤ ታሪክ ያነበበ ደግሞ "ጥንትም የጀልባ ውሻ የነበረው" ይላል። ሦስቱም መልሶች እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን ያሳስታሉ። ዝርያ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚነግረን የውሻውን አካል ነው፤ ክብደቱን፣ ፀጉሩን፣ አፍንጫውን፣ የእግሩን ርዝመት። ጠባዩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መመልከት ያለበት ዝርያውን ሳይሆን ያንኑ አንዱን ውሻ ነው።

ከታሪኩ እንጀምር። ቤልጅየም ውስጥ ስኪፐርኪ የሚባል ትንሽ ጥቁር ውሻ አለ። ጆሮው የቆመ፣ አንገቱ ዙሪያ ፀጉሩ የተንዠረገገ፣ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ9 ኪሎ የማይበልጥ ነው። በብራስልስና በአንትወርፕ አካባቢ ባሉ የጭነት ጀልባዎች ላይ አይጥ ያድን፣ ዕቃ ይጠብቅ ነበር። የቤልጅየም ንግሥት ማሪ ሄንሪየት በ1880ዎቹ አንዱን ከገዛች በኋላ ከሠራተኛው ጀልባ ወደ ባለጸጋው ሳሎን ገባ። በኔዘርላንድስ ደግሞ ኬስሆንድ አለ፤ ግራጫ፣ ፀጉረ ብዙ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦሬንጅ መሳፍንትን የተቃወሙት "አርበኞች" የተባሉት ወገኖች ኬስሆንድን ምልክታቸው አድርገውት ነበር። እነሱ በ1787 ሲሸነፉ ውሻውም ከከተማው ሰው ፊት ራቀ። በ1920ዎቹ የቫን ሃርደንብሩክ ባሮነስ ዝርያውን መልሳ ለማቋቋም ስትነሣ ያገኘችው በጀልባ ነጂዎችና በገበሬዎች ዘንድ ነው። ለአንድ መቶ ዓመት ከበለጠ ጊዜ ያቆዩት እነሱ ነበሩ።

እነዚህ ሁለቱ በጀልባ ላይ ለመኖር የተሠሩ ይመስላሉ። ሆኖም የተመረጡበትን ሥራ እናስብ። በሌሊት ወደብ ላይ ጭነት ይዞ የቆመ ጀልባ ሌባ ይመጣበታል፤ ስለዚህ ውሻው ትንሽ ኮቴ ሲሰማ ወዲያው መጮህ ነበረበት። አገራችን ውስጥ የግቢ ውሻ የሚወደድበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ የማይጮህ ውሻ ምን ያደርጋል እንላለን። ዛሬ ግን የለንደኑ ጀልባ የሚቆመው ሯጭ፣ ብስክሌተኛና ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ወላጅ ቀኑን ሙሉ በሚያልፉበት የእግር መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። የጀልባው መስኮት ከመንገደኛው ጉልበት እምብዛም ከፍ አይልም፤ ከአልጋው እስከ አላፊው እግር ያለው ርቀት አንድ ክንድ ነው። ሰው ባለፈ ቁጥር የሚጮህ ውሻ እዚያ ሲኖር ራሱም አያርፍም፣ ጎረቤት ጀልባም አያርፍም። የጥንቱ የጀልባ ውሻ ለጥንቱ ጀልባ ነበር።

በዚህ ላይ የቦዩ ሕግ አለ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ የእንግሊዝ የውኃ መንገዶች ሕግ በ1995 ደንግጓል። ለውሻ ይህ ማለት ሠፈሩ በየሁለት ሳምንቱ ይለወጣል ማለት ነው። አዲስ ሽታ፣ አዲስ ጎረቤት፣ አዲስ ውሻ። ወሰኔን ካላስከበርኩ ብሎ የሚጨነቅ ውሻ በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ይታወካል፤ የማወቅ ጉጉት ያለው ደግሞ ይደሰታል።

ታዲያ ጉጉውን ከተጨናቂው በዝርያ መለየት ይቻላል? በ2022 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ኢሊኖር ካርልሰን የምትመራው ቡድን ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች የሰጡትን መልስ ሰበሰበ፤ ከ2,000 በላይ በሚሆኑት ላይ ደግሞ የዘረመል ምርመራ አደረገ። በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶውን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሰውን ትእዛዝ የመቀበል ዝንባሌን በመሳሰሉ ጥቂት ባሕርያት ላይ የዝርያ ተጽዕኖ ከፍ ይላል፤ በቀላሉ መበሳጨትን በመሳሰሉት ላይ ግን ዝርያ የሚነግረን ነገር ከምንም አይቆጠርም። "ይህ ዝርያ የዋህ ነው፣ ያኛው ቁጡ ነው" እያሉ ቡችላ የሚሸጡ ሰዎች የሚሰጡት ዋስትና በሳይንሱ ፊት በጣም ቀጭን ነው።

አካል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ዝርያ ይናገራል፣ መስማትም ይገባል።

በእኔ እምነት የመጀመሪያው መለኪያ የውሻው ቁመት ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ እሱም ውኃ የጠጣ ክብደቱ። ጀልባ ላይ የሚኖር ውሻ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ መውደቁ አይቀርም። ቦዩ ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ቦታ ላይ አዋቂ ሰው መቆም ይችላል። አደጋው ያለው ዳርቻው ላይ ነው። በብዙ ቦታ ዳርቻው ቀጥ ያለ ብረት ወይም ግንብ በመሆኑ ውሻ ቢዋኝም የሚቧጥጠው ነገር አያገኝም፤ እየዋኘ ይደክማል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ዳር ላይ ተንበርክኮ ወደ ታች እጁን ዘርግቶ ማውጣት አለበት። 7 ኪሎ የሚመዝነውን ቦርደር ቴሪየር በአንድ እጅ ማንሳት ይቻላል። 30 ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር ፀጉሩ ውኃ ይዞ፣ እግሩ እየተፈራገጠ፣ በተንበረከከ ሰው እጅ የሚወጣው በጭንቅ ነው። ላብራዶር ግሩም ዋናተኛ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ዋናው ብቻውን አያድነውም። ስለዚህም ነው ጀልባ ላይ የሚኖር ማንኛውም ውሻ ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሊለብስ የሚገባው። ከመንሳፈፊያው ይልቅ ነፍስ የሚያድነው ብዙውን ጊዜ ያ እጀታ ነው።

የጀልባው ፕሮፔለር ከኋላ፣ መሪውን የያዘው ሰው ከቆመበት ሥር ይገኛል። ውሻ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደረገው ወደ ውሻው መሮጥ አይደለም፤ ማርሹን ፍሪ ማድረግ ነው። ፕሮፔለሩ ከቆመ በኋላ ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ፀጉር ነው። ኬስሆንድ፣ ላብራዶርና ኒውፋውንድላንድ ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ከላይ ረዘም ያለ ሸካራ፣ ከሥር ደግሞ አየር አፍኖ ሙቀት የሚይዝ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይህ ሀብት ነው። በ2.1 ሜትር ጀልባ ውስጥ ግን ያው ፀጉር ብዙ ውኃ ተሸክሞ ይገባል። የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እነ ዴቪድ ሁ በ2012 ባሳተሙት ጥናት እንስሳት ሲርገፈገፉ በከፍተኛ ፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ ተከታትለዋል። ትንሿ የቤት አይጥ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ትርገፈገፋለች፤ ላብራዶር ከ4 ጊዜ ትንሽ ይበልጣል። ትንሽ አካል ውኃውን ለማስወንጨፍ የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘው በፍጥነት ብቻ ነው፤ ትልቁ ግን ስፋቱ ይረዳዋል። አጥቢ እንስሳት በዚህ መንገድ ከፀጉራቸው ውኃ 70 በመቶ ያህሉን በቅጽበት ያራግፋሉ። ያ ሁሉ ውኃ አልጋ፣ መጽሐፍና ግድግዳ ላይ ያርፋል። የቀረው ሌሊቱን ሙሉ እየተነነ ቀዝቃዛው መስኮት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከእንጨቱ ጀርባም ሻጋታ ያበቅላል። ጀልባ ላይ የኖረ ሰው ከብርድ ይበልጥ እርጥበትን የሚፈራው በምክንያት ነው።

በዚህ መለኪያ ዊፔት የተባለው ቀጭን አዳኝ ውሻ ያሸንፋል። ፀጉሩ አጭር ነው፣ በአንድ ፎጣ ይደርቃል፣ ሩጫውን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ተጠቅልሎ ቀኑን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ድካሙም ከዚያው ቀጭንነቱ ይመጣል። ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለው ውኃ ላይ በቀላሉ አይንሳፈፍም፣ ብርድም ቶሎ ያገኘዋል፤ ጥንቸል ካየ ደግሞ ጥሪ አይሰማም። ሰደርያ፣ ሹራብና ማሰሪያ ያስፈልጉታል።

ሦስተኛው አፍንጫ ነው፤ እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። ፈረንሳይ ቡልዶግ፣ ፐግና የእንግሊዝ ቡልዶግ ለጀልባ አይሆኑም። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ያለው እርጥብ ገጽ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ እንዲሆን ተመርጦ የተዳቀለ ውሻ ይህ ገጽ ጠቦበታል። በ2020 የወጣ የብሪታንያ ጥናት እነዚህ ውሾች በሙቀት የመመታት ዕድላቸው መካከለኛ አፍንጫ ካላቸው ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። የጀልባው አካል ብረት ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። ውኃ ላይ ደግሞ አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ ለመተንፈስ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ያቀናሉ፣ የኋላ አካላቸው ይሰምጣል፣ በጥቂት ደቂቃ ይደክማሉ።

አራተኛው ጀርባና እግር ነው። ዳክሰንድ ትንሽ፣ ቀላልና ተወዳጅ ነው፤ ቦታም አይፈጅም። አጭር እግሩ የመጣው ግን ኤፍጂኤፍ4 ከሚባለው ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነው። በ2017 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ሁለተኛው ቅጂ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉትን ዲስኮች ያለ ዕድሜያቸው ያደርቃል። የደረቀ ዲስክ ሲፈነዳ ሕብለ ሠረሰሩን ይጫነዋል፤ ውሻው በአንድ ቀን የኋላ እግሩን ሊያጣ ይችላል። ከአምስት ዳክሰንዶች አንዱ ገደማ በዕድሜው የዚህን ችግር ምልክት ያሳያል። አሁን የጀልባውን መግቢያ እናስብ፦ ሦስት ወይም አራት ቀጥ ያሉ የእንጨት ደረጃዎች፣ በቀን አሥር ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ ከጠርዙ ወደ ዳርቻው መዝለል። ይህን አካል ለዚያ ደረጃ ማጨት ተገቢ አይመስለኝም። ዳክሰንድ ያለው ሰው ተሸክሞ ሊያወጣው፣ ተሸክሞ ሊያወርደው ይገባል፤ ደግነቱ ክብደቱ ይህን ይፈቅዳል።

የጤናው ነገር ለሁሉም ዝርያ አንድ ነው። ቦይ ባለበት አይጥ አለ፤ በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይተላለፋል፤ የውሻውን ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፣ ሰውንም ይይዛል። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። በበጋ ቆሞ በቆየ ውኃ ላይ የሚታየው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ውሻው እንዳይጠጣ፣ እንዳይዋኝ። ምድጃ ባለበት ጀልባ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ ሲጮህ ከውሻው ጋር መውጣት ነው።

ሎክ ላይ ደግሞ ውሻው በሩ ተዘግቶበት ጀልባው ውስጥ ይቆይ። በዊልትሸር አውራጃ፣ ዲቫይዝስ ከተማ አጠገብ ካን ሂል የሚባል ዳገት ላይ 29 ሎኮች በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደርድረዋል። እነሱን ለማለፍ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ባለቤቱ በሩን ይገፋል፣ ገመድ ይይዛል፣ ውሻውን የሚያይበት ዓይን የለውም። የሎክ ግንብ ጠርዝ እርጥብና አንሸራታች ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ውኃው ይፈላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ቦዩ ለውሻ የሚሰጠው ትልቅ ደስታ አለ። የጀልባ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛውም ከዚያ ዝግ ብሎ በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ መሪ ሲይዝ ሌላው ከውሻው ጋር ጥንት ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው መንገድ ጎን ለጎን ይጓዛል። ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ከሚኖር ውሻ ስንቱ ነው በቀን አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር እያሸተተ የሚሄደው?

አንድ ዝርያ ጥቀስ ብባል ቦርደር ቴሪየርን እጠቅሳለሁ። 7 ኪሎ ገደማ፣ እግሩ ያላጠረ፣ አፍንጫው ጤነኛ፣ ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ የሚራገፍ ሸካራ ፀጉር። ከዚህ የተሻለ የምለው ግን አካሉ በእነዚህ መለኪያዎች የሚያልፍ፣ ዕድሜው ከሁለት ዓመት የበለጠ ውሻ ከመጠለያ መውሰድ ነው። የቡችላ ጠባይ ግምት ነው፤ ያደገ ውሻ ጠባይ ይታያል። ለንደን ውስጥ በ1860 የተመሠረተውን ባተርሲን የመሰሉ መጠለያዎች ውሻው እንግዳ ሰው፣ ብስክሌትና ሌላ ውሻ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ተመልክተው ያውቃሉ።

ከመወሰን በፊት ውሻውን ጀልባው አጠገብ ማምጣት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። በዳርቻውና በጀልባው መካከል ያለውን ክፍተት፣ ከሥሩም የሚወዛወዘውን ውኃ ሲያይ ያመነታል? ማመንታቱ ክፉ አይደለም፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ በራሱ ፈቃድ መሻገሩ ነው ዋናው። ናፍጣው ሞተር ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ ውሻ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጥና ይተኛል፣ አንዳንዱ ጥግ ይዞ ምራቁን እያዝረበረበ ይቀራል። የኋለኛውን በግድ ማላመድ ግፍ ነው። በመስኮቱ አጠገብ ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ ጭንቅላቱን መልሶ የሚያስቀምጥ ከተገኘ፣ የዘር ሐረጉ ባይታወቅም ውሰዱት።

ስትወስዱትም ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን ጊዜ አስቡ። ጀልባ ላይ ከሚኖሩት መካከል ጡረታ የወጡ ጥቂት አይደሉም። ውሻው ሲያረጅ ደረጃውን መውጣት ያቅተዋል፤ በዝናብም በበረዶም በቀን አራት አምስት ጊዜ ተሸክሞ ማውጣት ይመጣል። ዛሬ በ60 ዓመታችሁ በቀላሉ የምታነሱትን ክብደት በ70 ዓመታችሁ፣ ቀጥ ባለ ደረጃ ላይ፣ በአንድ እጃችሁ መያዣውን ጨብጣችሁ ታነሱት እንደሆነ አስቀድማችሁ መዝኑ።