የአርሲ ሯጮች ሌላው ሰዓት፤ የልብ ምት

አርሲ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው እግር ነው። የደራርቱ ቱሉ የባርሴሎና ድል፣ የኃይሌ ገብረሥላሴ የመጨረሻ 200 ሜትር፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አፈትልኮ መውጣት ሁሉም በእግር ይተረካል። ታዲያ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ልብ ነዋ! የልብ ወሬ ግን ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ ወጣት ከወደቀ በኋላ ነው።

እስቲ ሒሳቡ ይታይ። የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ እ.ኤ.አ በ2005 ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ እስከ 2020 ድረስ ሳይሰበር የቆየ ክብረወሰን አስመዘገበ። በዚያ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ልብ በደቂቃ 180 ጊዜ ይመታል ቢባል፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ከ4,700 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ለአንዱ ምት የሚደርሰው ጊዜ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ብቻ!

ያው ሯጭ አልጋው ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የጤነኛ አዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ለዓመታት ረጅም ርቀት የሮጠ ወጣት ግን 50፣ አንዳንዴም 40 ላይ ሊገኝ ይችላል። በ70 እና በ40 መካከል ያለው ልዩነት በቀን ሲሰላ 43,200 ምት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ልምምዱ የልብን ክፍሎች ማስፋቱ ነው፤ ልብ በአንድ ጊዜ ብዙ ደም ስለሚገፋ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም።

የልብ ሥራ ሁለት ነው፤ ጨምቆ ደም ማውጣትና ላልቶ መሙላት። በደቂቃ 60 የሚመታ ልብ ለአንዱ ምት አንድ ሰከንድ አለው። ከዚህ ውስጥ ደሙ የሚወጣበት ጊዜ 0.3 ሰከንድ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ቀሪ ጊዜ የመሙያ ነው። ሩጫው ሲፋጠን በብዛት የሚያጥረውም ይኸው የመሙያ ጊዜ ነው። የልብ ጡንቻ ራሱ በአመዛኙ ደም የሚያገኘው በዚችው ሰዓት መሆኗን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ ሰውነት ሳይቀደድ፣ መርፌ ሳይገባ መለካት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ እ.ኤ.አ በ1816 የልብ ማዳመጫን ፈለሰፈ። የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚያሳየውን ኢ.ሲ.ጂ ለሐኪሞች ያበረከተው ሆላንዳዊው አይንቶቨን ደግሞ በ1924 ኖቤል ተሸለመ። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ዌስለርና ባልደረቦቹ ኢ.ሲ.ጂን፣ የልብ ድምፅንና የአንገት ደም ስር ትርታን በአንድ ላይ እየመዘገቡ የልብን ጊዜ ከፋፍለው ለኩ። በጤነኛ ሰው ላይ የኤሌክትሪኩ ትዕዛዝ ከተሰጠ በኋላ ደሙ ከልብ መውጣት እስኪጀምር 0.1 ሰከንድ ያህል ያልፋል። ልብ ሲደክም ይህ ጊዜ ይረዝማል፤ ደሙ የሚወጣበት ደግሞ ያጥራል። ዛሬ አብዛኛውን ይህን ሥራ ኢኮ የሚባለው የአልትራሳውንድ ምርመራ ተረክቦታል።

የአርሲ ከፍታም የራሱ ሒሳብ አለው። አሰላ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ የመጣ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጭ ብሎም ልቡ ፈጠን ይላል። ስለዚህ አዲስ መጪው ራሱን እዚያው ተወልዶ ካደገ ጓደኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ የትናንት ቁጥር ጋር ነው ማወዳደር ያለበት።

ቁጥሩ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ መልሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎዬ ሰኔ 2003 እ.ኤ.አ ሊዮን ላይ በጨዋታ መሐል ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበር። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ግን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቆ፣ ደረቱን በሚጫኑ እጆችና በኤሌክትሪክ ማስነሻው ተርፏል። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ስፖርተኞቿ ኢ.ሲ.ጂ ያለበት ምርመራ እንዲያልፉ አስገድዳለች። በቬኔቶ ክልል የተካሄደና በ2006 የታተመ ጥናት የስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት በ89 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ህመም በኋላ የሚመጣው የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል። ይህን በሽታ ኢ.ሲ.ጂ ብቻውን ላይይዘው ይችላል፤ ማዳመጫና ኢኮ ያስፈልጉታል።

ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያም ያስፈልጋል። ጤነኛ አትሌት በኢ.ሲ.ጂ ላይ በሽተኛ መስሎ ሊታይ ይችላልና። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የዘገየ ምትንና በጥቁር አትሌቶች ላይ የሚታዩ አንዳንድ የመስመር ለውጦችን ከጤነኛ ምልክቶች መድቧል። ትንፋሽ ሲሳብ ምቱ መፍጠኑ፣ ሲወጣ መዘግየቱም በወጣቶች ላይ የጤና ነው።

መሣሪያ በሌለበት ሁለት ጣትና አንድ ሰዓት ይበቃሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የእጅ አንጓን ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ማስፈር። ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው በግልጽ ከፍ ካለ ድካም ወይም ህመም ሊኖር ስለሚችል ልምምዱን ማቅለል ነው። እየሮጠ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ከቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ልጅ ግን ቁጥሩ 40ም ይሁን 70 ሐኪም ሊያየው ይገባል። «ቁርስ ስላልበላ ነው» ተብሎ ወደ ሜዳው አይመለስም።

በአርሲ ሜዳዎች የዙር ሰዓት መያዝ ማንም ያውቅበታል። የልቡም ሰዓት እንዲሁ ይያዝ!