ቀዩ ቀለም እንዳይጠፋ፦ በብራና መጻሕፍት ካታሎግ የትንንሽ ምስሎችን የቀለም ጥልቀት ስለ መምረጥ



ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ይከቧታል። በእነዚህ አካባቢዎች አድባራት ያሉ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ በካታሎግ ሶፍትዌር ሊመዘግብ የሚነሣ ባለሙያ፣ በዝርዝሩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ምስሎች በስንት ቢት ቀለም ይቀመጡ የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል።

የቀለም ጥልቀት ማለት የአንድን ፒክስል ቀለም ለመመዝገብ የሚመደበው የቢት ብዛት ነው። 1 ቢት ጥቁርና ነጭን ብቻ፣ 8 ቢት 256 የግራጫ ደረጃዎችን ወይም የተመረጡ ቀለሞችን፣ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለሞችን ይሰጣል። 150 በ200 ፒክስል የሆነ ምስል ሳይታመቅ እንደ ቅደም ተከተላቸው 3,750፣ 30,000 እና 90,000 ባይት ይይዛል። ለ10,000 ገጾች ይህ 37.5፣ 300 እና 900 ሜጋባይት ነው። ቁጠባው ያጓጓል።

ነገር ግን በግእዝ መጻሕፍት ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም። የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም እንዲሁም የንባብ መነሻ በቀይ ይጻፋል። አጥኚው ገጹን ከማንበቡ በፊት ክፍሎቹን የሚለየው በዚህ ነው።

ወደ ግራጫ ሲለወጥ ምን ይሆናል? በተለመደው ቀመር ከቀይ 30፣ ከአረንጓዴ 59፣ ከሰማያዊ 11 በመቶ ገደማ ይወሰዳል። ለምሳሌ 170፣ 40፣ 35 የሆነው ቀይ ወደ 78፤ 50፣ 40፣ 35 የሆነው ጥቁር ወደ 42፤ 220፣ 200፣ 160 የሆነው ብራና ወደ 201 ይለወጣል። በ1 ቢት ድንበሩ 128 ላይ ቢደረግ ቀዩና ጥቁሩ አንድ ይሆናሉ። በ8 ቢት ግራጫም ቀዩ ከደበዘዘ ጥቁር አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ያስቀረልን የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ባለውለታችን ነው፤ ሆኖም በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የቀለሙን ዓይነት ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ምርጫው 24 ቢት ጄፔግ ቢሆን ይሻላል፤ መታመቁ መጠኑን እጅግ ይቀንሰዋልና። ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ ብዙ ሶፍትዌሮች የቀለሙን መረጃ በአግድምም በቁመትም በግማሽ ይቀንሱታል፤ ቀጫጭን ቀይ መስመሮችም ይደበዝዛሉ። ይህ ቅንብር ይጥፋ። ቦታ ከጠበበ ባለ 256 ቀለም ምስል ይበቃል፤ የቀለሞቹ ዝርዝር ግን ከየምስሉ ይውጣ እንጂ ለሁሉም አንድ አይሁን።

ከሁሉ በላይ ዋናው ፎቶግራፍ ባለቀለም ይሁን። ትንሹን ምስል በማንኛውም ጊዜ ከዋናው እንደገና ማውጣት ይቻላል፤ በግራጫ ከተነሣ ዋና ምስል ግን ቀዩን መመለስ አይቻልም።