አንድ ሺህ ሰው ስለ መላው አገር ምን ያህል ይናገራል?

በናሙና ጥናት የተገኘ መቶኛ ሙሉ መረጃ የሚሆነው ከስህተት ህዳጉ ጋር ሲነበብ ነው። የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ የተሰኘው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በጥናቱ መሠረት የፋይናንስ ሂሳብ ያላቸው ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ድርሻ በ2014 እ.ኤ.አ. 22 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 35 በመቶ ነበር። በየዙሩ የተጠየቁት ግን አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው።

የስህተት ህዳጉ ስሌት ቀላል ነው። ሂሳብ ያላቸው ሰዎች ድርሻ (0.35) ሂሳብ በሌላቸው ድርሻ (0.65) ይባዛል፤ ውጤቱ ለተጠያቂዎቹ ቁጥር (1,000) ይካፈላል። የዚህ ስኩዌር ሩት 0.015 ገደማ ሲሆን መደበኛ ስህተት ይባላል። በ1.96 ሲባዛ ወደ 3 መቶኛ ነጥብ ይጠጋል። ስለዚህ የ95 በመቶ መተማመኛ ወሰኑ ከ32 እስከ 38 በመቶ ነው።

95 በመቶ ሲባል ጥናቱ በተመሳሳይ ዘዴ ደጋግሞ ቢካሄድ፣ ከሚገኙት 100 ወሰኖች 95 ያህሉ እውነተኛውን ድርሻ ያቅፋሉ ማለት ነው።

በዚሁ ስሌት የ2014 ወሰን ከ19.4 እስከ 24.6 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ ወሰኖች አይነካኩም፤ የ13 ነጥቡ ልዩነትም በናሙና አጋጣሚ ብቻ የመጣ ሊሆን አይችልም ለማለት ያስደፍራል። ለውጡ ከ35 ወደ 37 በመቶ ቢሆን ኖሮ ግን «ዕድገት ታየ» ብሎ ማወጅ ጥድፊያ ነበር።

ህዳጉን በዋናነት የሚወስነው የናሙናው መጠን ነው፤ የአገሩ ሕዝብ ብዛት እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ወጪውም አብሮ ይንራል። በአንጻሩ ከአንድ ክልል የተጠየቁት 100 ሰዎች ብቻ ከሆኑ ያው 35 በመቶ ከ26 እስከ 44 ይሰፋል። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ክልሎችን ማወዳደር አሳሳች ነው።

ይህ ስሌት ተጠያቂዎቹ አንድ በአንድ በዕጣ ተመርጠዋል ብሎ ይነሳል። በተግባር ግን አስቀድሞ ቀበሌዎች ወይም ሰፈሮች ተመርጠው ከዚያ ቤተሰቦች ይለያሉ። ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ትክክለኛው ህዳግ ከተሰላው ይሰፋል። ጥናቱ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች ወይም መልስ ያልሰጡ ሰዎች የሚፈጥሩት መዛባት ደግሞ በቀመሩ ውስጥ የለም፤ ናሙናን በማብዛትም አይታረምም።

ስለዚህ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ብድር፣ ቅርንጫፍ ወይም ፖሊሲ የሚወስን ሰው ከመቶኛው ጋር ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል፦ ስንት ሰው ተጠየቀ? እንዴት ተመረጠ? ህዳጉስ ስንት ነው?