ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል፤ የሽማግሌዎች ድርሻም ማስታረቅ ሆኗል። ስለዚህ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ የፍቺ ስምምነት ፍርድ ቤት እስካላጸደቀው ድረስ ጋብቻን አያፈርስም።

ተጋቢዎች በስምምነት ሲፋቱ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት የተስማሙበትን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ጋብቻው 6 ወር ካልሞላው ግን ይህ አይፈቀድም። ስምምነት ከሌለ አንደኛው ተጋቢ ብቻውን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

በጋብቻ ወቅት የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በመርሕ ደረጃም እኩል ይካፈላል።

አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ ነው። በክልል የሚኖሩ ተገልጋዮች የክልላቸውን የቤተሰብ ሕግ ሊመለከቱ ይገባል።