አንድ ዶክ ለሁለት ላፕቶፕ

ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ሀብሩ ወረዳ ከገባ በኋላ ሲሪንቃን ያልፍና ወደ መርሳ ይወርዳል። ወልዲያ ላይ ዩኒቨርሲቲው፣ ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ፣ መርሳ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ አለ። በእነዚህ ተቋማት የሚሠራ ሰው ማታ ላፕቶፑን ይዞ ነው የሚገባው። የማሽላ ሙከራ ውጤት የሚሰላው፣ የተማሪ ጥናት የሚታረመው፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ቤት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ሲወሰን ቤት ውስጥ የሚሠራበት ጠረጴዛ ጉዳይ በአገር ደረጃ ተነሣ፤ እዚህ አካባቢ ግን ከዚያ በፊትም የነበረ፣ አሁንም ያለ ጉዳይ ነው።

ችግሩ ጠረጴዛው አንድ፣ ላፕቶፑ ሁለት መሆኑ ነው። ባልም ሚስትም ቤት ይዘውት የሚመጡት ሥራ ካላቸው ለእያንዳንዳቸው ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ዶኪንግ ስቴሽን ወይም በአጭሩ ዶክ የሚባለው ዕቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ዶክ የመጽሐፍ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሣጥን ነው። ሞኒተሩ፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ የኢንተርኔት ገመዱና ፕሪንተሩ ከጀርባው ተሰክተው ይቆያሉ። ከሣጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ ምስሉም፣ ኢንተርኔቱም፣ ቻርጁም በእሱ ያልፋል። አንዱ ሥራውን ሲጨርስ ገመዱን ይነቅላል፣ ሌላዋ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች። ዶኩ ፋይል አያስቀምጥም፤ ስለዚህ የአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው አይሻገርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1992 ላፕቶፑ ተንሸራትቶ የሚገባበት ዶክ ለገበያ አቅርቦ ነበር። በኋላም ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፑ ላዩ ላይ ወይም ጎኑ ላይ የሚገጠምበት የየራሳቸው ዶክ ነበራቸው። እነዚህ አሁንም ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች በርካሽ ይገኛሉ፤ የዴሉ ግን ለኤችፒ አይሆንም፤ የአንዱ ኩባንያም ቢሆን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ሁለት ዓይነት ላፕቶፕ ያለበት ቤት ርካሽነቱን አይቶ ቢገዛ ከሁለቱ አንዱ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ዶክን የጋራ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዩኤስቢ ሲ ነው። ገመዱ በየትኛውም ጎኑ የሚሰካበት ሞላላ ቀዳዳ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጹ አንድ ይሁን እንጂ ችሎታው አንድ አይደለም። ላፕቶፑን ወደ ብርሃን አዙሮ ከቀዳዳው አጠገብ ያለውን ምልክት ማየት ይጠቅማል። የመብረቅ ምልክት ካለው ብዙ ጊዜ ተንደርቦልት ነው፤ ምስልም ዳታም በፍጥነት ያሳልፋል። የ«ዲ» እና የ«ፒ» ፊደላትን ያጣመረ ምልክት ካለው ምስል ያወጣል። የባትሪ ወይም የሶኬት ምልክት ካለው በዚያው ቻርጅ ሊደረግ ይችላል። አንዳንድ ላፕቶፕ ግን ምንም ምልክት ሳይኖረው ሁሉንም ይችላል፤ አንዳንዱ ፋይል ከማስተላለፍ ሌላ አያውቅም። ቁርጡ የሚታወቀው የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዞ የኩባንያውን መግለጫ በማንበብ ነው።

ለጋራ ዶክ ምርጫ አንድ መመሪያ ቢኖር ይህ ነው፦ ዶኩ የሚመረጠው በአዲሱ ላፕቶፕ ሳይሆን በደካማው ልክ ነው። ሁለቱም በዩኤስቢ ሲ ምስል የሚያወጡና ቻርጅ የሚቀበሉ ከሆኑ ተራ የዩኤስቢ ሲ ዶክ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ ዩኤስቢ ሲ የሌለው ወይም በዚያ ምስል የማያወጣ ከሆነ ዲስፕሌይሊንክ የሚባለውን ዓይነት መፈለግ ነው። ይህ ምስሉን አምቆ በተራው ዩኤስቢ በኩል ስለሚልክ በድሮ ላፕቶፕም ይሠራል። ነገር ግን ድራይቨር መጫን ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩን ትንሽ ያደክማል፤ በተራው ዩኤስቢ የሚሰካው ላፕቶፕም የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ሶፍትዌር መጫን ብዙ ጊዜ ስለሚከለከል ከመግዛት በፊት የአይቲ ክፍሉን መጠየቅ ይገባል።

ማክቡክ ያለበት ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ኤም1 እና ኤም2 የተባሉት መነሻ ፕሮሰሰሮች ያሏቸው ማክቡኮች በቀጥታ ምስል የሚያወጡት ለአንድ ተጨማሪ ሞኒተር ብቻ ነው። በተራ የዩኤስቢ ሲ ዶክ ላይ ሁለት ሞኒተር ቢሰካ ዊንዶውሱ ለየብቻ ሲያሳይ ማኩ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ያሳያል።

ቀጥሎ ዋት ነው። ብዙ የቢሮ ላፕቶፕ 45 ወይም 65 ዋት ይበቃዋል፤ ለከባድ ሥራ የተሠራው 130 ዋትም ሊፈልግ ይችላል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ላፕቶፑ ጋ አይደርስም፤ ዶኩ ለራሱ የሚያስቀረው አለ። መታየት ያለበት ለላፕቶፑ የሚሰጠው ዋት ነው። ሃብ የሚባለው በኪስ የሚያዝ ትንሽ ማከፋፈያ ደግሞ የራሱ አዳፕተር ስለሌለው ከላፕቶፑ ይወስዳል እንጂ አይሰጥም፤ ቻርጀር በላዩ ላይ ሲሰካ ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

መብራትን ሳያስቡ ዶክ መግዛት ለዚህ አካባቢ ጎዶሎ ምክር ይሆናል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ፣ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. በኋላ ወራትን ያለ መብራት ያሳለፈ የወልዲያ ሰው ለዚህ አስረጂ አያሻውም። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ዶክና ሞኒተር የላቸውም። መብራት ድርግም ሲል ላፕቶፑ ቢቀጥልም በዶኩ በኩል የተሰካው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በዚያው ቅጽበት ይቋረጣል፤ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። የዓመታት የምርምር መረጃ የያዘ ዲስክ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰካ። ዶኩን፣ ሞኒተሩንና የኢንተርኔት ራውተሩን በአንድ አነስተኛ ዩፒኤስ (ባትሪ ባለው የኃይል መጠባበቂያ) ላይ ማድረግ ደግሞ ሥራን ለማስቀመጥና በአግባቡ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ዝቅ የሚል ኃይልም አዳፕተር ሊያቃጥል ይችላል፤ ዩፒኤስ ከሌለ ቢያንስ ስታብላይዘር ያስፈልጋል።

መርሳ ሞቃት ናት፤ ዶክም ሲሠራ ይሞቃል። ጨርቅ ሳይለብስ፣ መጽሐፍ ሳይደረብበት፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይ ይቀመጥ።

ሱቅ ሲኬድ ሁለቱንም ላፕቶፕ ከነቻርጀራቸው ይዞ መሄድ ነው። ዶኩን በየተራ ሰክቶ ሞኒተሩ ምስል ማሳየቱን፣ የባትሪው ምልክት ቻርጅ እያደረገ መሆኑን፣ ኪቦርዱና የኢንተርኔት ገመዱ መሥራታቸውን እዚያው ማየት ያስፈልጋል። ያገለገለ ዶክ አንዳንዴ ያለ አዳፕተሩ ይሸጣል፤ ቮልቱም ሶኬቱም የተለየ ስለሆነ በኋላ ማግኘት ያስቸግራል። ገመዱም ይፈተሽ፤ የስልክ ቻርጀር ገመድ መልኩ አንድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ምስል አያሳልፍም።

ዶክ ለሁሉም ቤት አያስፈልግም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ ዶክ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንዱን ነው፤ ለእነሱ ሁለት ያገለገሉ ሞኒተሮችና ሁለት የኤችዲኤምአይ ገመዶች ይሻላሉ። በፈረቃ ለሚሠሩ ግን፣ እሷ ሌሊት ተነሥታ፣ እሱ ማታ ራት ከበላ በኋላ ለሚቀመጡ፣ ዶክ ገንዘቡን የሚመልስ ዕቃ ነው። ቅደም ተከተሉም ይታወቅ፦ መጀመሪያ ዓይንና አንገት የሚያሳርፍ ሞኒተር፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ዶኩ ሦስተኛ። ሁለቱ ቀዳሚዎች የሌሉበት ዶክ ገመድ ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም የለውም።