ሰማይ ላይ የተሰቀለው ተርባይን፦ ይሠራል፤ ግን ያዋጣል?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የካምፓስ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ላከልኝ። በረሃ መሀል ሕንፃ የሚያክል ነጭ ፊኛ ቀስ እያለ ከመሬት ይነሳል። መሀሉ ክፍት ነው፤ በክፍቱ ውስጥ ተርባይኖች ተደርድረዋል። ከሥሩ "ቻይና ከሰማይ ላይ መብራት ልታመነጭ ነው" የሚል ጽሑፍ አለ። ቀጥሎ የእሱ መልእክት መጣ፦

"ይሄ ነገር የምር ነው? ለአባባ ወፍጮ ይሆናል?"

ሳቅኩ፤ ግን ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። አባቱ ገጠር ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ አላቸው። ሰፈሩ ድረስ የመብራት መስመር አልገባም። ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ሰውየው ወይ የማስፈጫ ዋጋ ይጨምራሉ፣ ወይ ልዩነቱን ከኪሳቸው ይችላሉ። እህል ይዘው የሚመጡት ደግሞ ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ዋጋ መጨመሩ ይከብዳቸዋል።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለዚህ "ይበራል ወይ?" ከሚለው ይልቅ "ያዋጣል ወይ?" የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ነገሩን ሳነብ ከረምኩና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ቪዲዮው ውሸት አይደለም

መጀመሪያ ይሄን እናጥራ። ፊኛው ኤአይ የሠራው አይደለም። ኤስ1500 ይባላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ሺንጃንግ ውስጥ ሐሚ በምትባል ቦታ ተሞክሯል። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ ደግሞ 40፣ 40 ሜትር ነው። በሂሊየም ተነፍቶ ይንሳፈፋል። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ 12 ማመንጫዎች አሉት፤ በድምሩ 1.2 ሜጋዋት። የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ በታሰረበት ገመድ በኩል ወደ መሬት ያወርዳል።

ግን ልብ በሉ፦ 1.2 ሜጋዋት የተሠራለት አቅም ነው እንጂ ሌት ተቀን የሚሰጠው ማለት አይደለም። መኪናችሁ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ሁሌ በ200 ትነዳላችሁ ማለት እንዳልሆነው ሁሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አዳማ ስትሄዱ ኮረብታው ላይ የምታዩዋቸው ነጫጭ ተርባይኖች አሉ አይደል? አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። የእያንዳንዳቸው አቅም 1.5 ሜጋዋት ነው። ማለትም 60 ሜትር የሚረዝመው ተአምረኛ ፊኛ በወረቀት ላይ እንኳን ከአንድ የአዳማ ተርባይን ያንሳል። ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች 204 ሜጋዋት ናቸው፤ ያንን በፊኛ እንተካ ብንል 170 ፊኛ ሰማይ ላይ ማሰር ሊኖርብን ነው። ለ170 ገመድ የሚሆን ባዶ ሰማይ ከየት ይመጣል? አውሮፕላኑስ በየት ይለፍ?

ታዲያ ለምን ሰማይ?

ሐሳቡ ሞኝነት ስላልሆነ ነው። ነፋስ ከፍ ባልን ቁጥር ይበረታል፤ ዛፍ፣ ቤትና ኮረብታ አያስቸግሩትም። ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት ከ100 ሜትር ወደ 500 ሜትር ብትወጡ የነፋሱ ፍጥነት በሩብ ገደማ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ ኃይሉ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። 500 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ማቆም የሚታሰብ አይደለም። ገመድ ግን ይደርሳል።

ሁለተኛው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1980 የመጣ ነው። ማይልስ ሎይድ የተባለ አሜሪካዊ ኢንጂነር አንድ ነገር አስላ። የተርባይን ክንፍ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው በጫፉ በኩል ነው፤ ምክንያቱም በጣም የሚፈጥነው ጫፉ ነው። ታዲያ ምሰሶውንና የክንፉን ግማሽ ትተን ጫፉን ብቻ በገመድ አስረን ብናበረውስ? በሎይድ ስሌት ትልቅ የጦር ጭነት አውሮፕላን ክንፍ የሚያክል ካይት በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ከ6 ሜጋዋት በላይ ይሰጣል። ብረት የለ፣ ኮንክሪት የለ፣ መሠረት ቁፋሮ የለ። ወረቀቱ ላይ ዋው ነው።

ዛሬ ያሉት ሙከራዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ያየነው ፊኛ ነው። ሁለተኛው ተርባይኑን ክንፉ ላይ የሚሸከም ሰው አልባ አውሮፕላን ነው። ሦስተኛው ላይ ከጨርቅ የተሠራ ካይት የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ይበርና ገመዱን ይጎትታል፤ ገመዱ መሬት ላይ ካለ ትልቅ መጠቅለያ እየተፈታ ጀነሬተር ያሽከረክራል። ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዱ ባልዲው ወደታች ሲወርድ ገመዱ የተጠቀለለበት እንጨት በኃይል እንደሚሽከረከረው በሉት። ገመዱ ሲያልቅ ካይቱ ነፋሱን ይለቃል፤ ከተመረተው ኃይል ትንሿ ተቀንሳ ገመዱ ይሰበሰባል፤ እንደገና ይጀመራል።

ጉግል ገንዘብ አጥቶ አይደለም ያቆመው

የዚህን ዘርፍ ትልቁን ትምህርት የሰጠን ማካኒ ነው። ማካኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ጉግል ከጅምሩ ገንዘብ አስገባ፤ በ2013 ደግሞ ጠቅልሎ ገዛው። ኤም600 የተባለው አውሮፕላናቸው የክንፉ ስፋት 26 ሜትር ነበር። 600 ኪሎዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ስምንት ተርባይን ተገጠመለት። ሼልም በኋላ አብሮ ገባ። በ2019 ኖርዌይ ባሕር ላይ አበረሩት። በረረ። በዚያው የሙከራ ዘመቻ ግን ተከሰከሰ።

በፌብሩዋሪ 2020 የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት "ገበያ ላይ ለመድረስ ካሰብነው በላይ ረጅምና አደገኛ መንገድ ነው" በሚል ምክንያት ድጋፉን አቆመ። ማካኒም ተዘጋ። ሰዎቹ ሲወጡ ግን ደስ የሚል ነገር አደረጉ፦ የበረራ መረጃቸውን፣ ኮዳቸውንና ስህተታቸውን ሳይቀር ለሕዝብ ክፍት አድርገው ሄዱ። አውሮፕላኑ ካሰቡት በላይ ከብዶ የታሰበለትን ኃይል እንዳልሰጠም እዚያው ላይ ጽፈዋል።

ማካኒ ብቻም አይደለም። አልታዬሮስ የተባለ ከኤምአይቲ ተማሪዎች የወጣ ኩባንያ በ2014 አላስካ ላይ 30 ኪሎዋት የሚያመነጭ ፊኛ 300 ሜትር ላይ ሊሰቅል አቅዶ ነበር። በኋላ ፊኛውን ይዞ ወደ ቴሌኮም ዞረ። ተርባይኑ ወረደ፣ የኔትወርክ አንቴና ወጣ። የኔዘርላንዱ አምፒክስ ፓወር ደግሞ በ2022 ከሰረ።

ችግሩ የት ጋ ነው?

መሬት ላይ የተተከለ ተርባይን ነፋስ ሲቆም ይቆማል፤ ሲመጣ ይዞራል። ማንም አይነካውም። ካይት ግን ነፋስ ሲቆም ይወድቃል፤ ስለዚህ በጊዜ መውረድ፣ ነፋስ ሲመለስ ደግሞ መነሳት አለበት። ማዕበል ሲመጣ ይወርዳል፤ መብረቅ ሲያሰጋ ይወርዳል። ይሄን ሁሉ ሌሊት ላይ፣ ሰው ሳይኖር፣ ለዓመታት ሳይሳሳት ማድረግ ይጠበቅበታል። ፊኛ ነፋስ ሲቆም አይወድቅም፤ ግን ሂሊየሙ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ሂሊየም ደግሞ ጥቂት አገሮች ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር አብረው የሚያወጡት ውድ ነገር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተም ስልካችሁ ላይ ልታሰሉት ትችላላችሁ።

100 ኪሎዋት የሆነ ካይት አለን እንበል። በዓመት ካለው 8,760 ሰዓት ውስጥ በአማካይ የአቅሙን 40 በመቶ ይሰጣል ብለን ቸር እንሁንለት። በዓመት 350 ሺህ ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንዱን በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ብንሸጠው 17,500 ዶላር እናገኛለን። ከዚህ ላይ ገመድ ይቀየራል፤ ጨርቁ ፀሐይ ይበላዋል። አውሮፓ ውስጥ ካይቱን የሚጠብቅ አንድ ቴክኒሻን ብትቀጥሩ ደመወዙ ብቻ ገቢውን ጠራርጎ ይወስደዋል። የዘርፉ ትልቁ ፈተና እንግዲህ ይሄ ነው፦ ያለ ሰው መሥራት ካልቻለ አያዋጣም፤ ያለ ሰው መሥራት ደግሞ ከሁሉም ከባዱ ነገር ነው።

በዚህ ላይ ተፎካካሪው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው መሬት ላይ ከሚተከል አዲስ የነፋስ ጣቢያ የሚገኝ አንድ ኪሎዋት-ሰዓት በ2010 በአማካይ 11 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ይፈጅ ነበር፤ በ2023 ወደ 3.3 ሳንቲም ወርዷል። የትልልቅ ሶላር ጣቢያዎች ደግሞ ከ46 ሳንቲም ወደ 4.4 ወርዷል። አልታዬሮስ ያኔ ለአላስካ አስቦት የነበረው ዋጋ 18 ሳንቲም አካባቢ ነበር። የካይት ሰዎች ሮጠዋል፤ ችግሩ መድረሻው ከእነሱ በላይ መሮጡ ነው።

ግን የሚያዋጣበት ቦታ አለ

ከላይ ያለውን ሂሳብ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንቀይረው። ካይቱ የሚተካው ከ5 ሳንቲሙ መብራት ይልቅ የናፍጣ ጀነሬተር ቢሆንስ? አንድ ሊትር ናፍጣ ጀነሬተር ውስጥ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። ሊትሩ አንድ ዶላር ቢሆን ነዳጁ ብቻ በኪሎዋት-ሰዓት 30 ሳንቲም ገደማ መጣ ማለት ነው። ያው ካይት አሁን 105 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ነዳጅ ያድናል። ጨዋታው ተቀየረ አይደል?

በሕይወት ያሉት ኩባንያዎች የተጠጉትም ወደዚሁ ነው። የጀርመኑ ስካይሴይልስ በ2021 ሞሪሸስ ላይ ካይት ማብረር ጀመረ፤ ደሴቲቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታመነጨው ከውጭ በሚገባ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ነው። ከዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ካይትፓወር በ2021 ከኔዘርላንድ ጦር ጋር አሩባ ላይ ሞክሯል፤ በ2023 ደግሞ አየርላንድ ውስጥ ሙከራ ጀምሯል። ዕቃው ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፤ በመኪና ይሄዳል። ደሴት፣ ማዕድን ማውጫ፣ የጦር ካምፕ፣ አደጋ የደረሰበት ቦታ፦ ምሰሶ መትከል የማይቻልባቸውና ናፍጣ እሳት የሆነባቸው ቦታዎች ናቸው።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። ሰማይ ላይ ያለ ተርባይን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይሄ አከራካሪ አይደለም። ለአገር መስመር የሚሆን ርካሽ ኤሌክትሪክ ግን እስካሁን አልሰጠም። ቀጥሎ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲደርሳችሁ "ስንት ሜጋዋት?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ስንት ኪሎዋት-ሰዓት ሸጠ? ስንት ሰዓት ያለ ሰው ሠራ?" በሉ። መልሱ ከሌለ ገና ሙከራ ላይ ነው ማለት ነው።

የአባባ ወፍጮ

ይሄን ሁሉ ለጓደኛዬ ጻፍኩለት። "ናፍጣ ውድ የሆነበት ቦታ ያዋጣል ካልክ እኛ ቤት ነዋ!" አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

"በቀን ስንት ሊትር እንደሚያቃጥሉ ጠይቅልኝ" አልኩት። ማታ ላከልኝ፦ "9 ሊትር።"

9 ሊትር በ3 ሲባዛ 27 ኪሎዋት-ሰዓት። በዓመት 10 ሺህ አይሞላም። ያቺ የምሳሌ ካይት የምትሰጠው ከዚህ 35 እጥፍ ነው። ለአንድ ወፍጮ ይሄን መግዛት ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ እንደመከራየት ነው። ደግሞ ስትበላሽ ማን ይጠግናታል?

27 ኪሎዋት-ሰዓት ግን ፀሐይ የምትችለው ነገር ነው። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ ከ7 እስከ 8 ኪሎዋት የሚሆን ሶላር በቀን ያህል ይሰጣል። ወፍጮ ደግሞ ሥራው ቀን ነው፤ ለሌሊት ትልቅ ባትሪ አይፈልግም። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ለሱ የሚሆን ዕቃ መጨመር አለበት፤ ቀላል ወጪም አይደለም። ቢሆንም የሚጠግነው ሰው አገር ውስጥ አለ።

ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለና "እሺ፣ አባባን ግን ፊኛውን አሳይቻቸው ነበር" ብሎ ጻፈልኝ።

"ምን አሉ?"

"'ገመዱ ከተበጠሰ ማን ያመጣልኛል?' አሉኝ።"

ማካኒ 13 ዓመት ሙሉ ሲታገል የኖረውም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነበር። አሁን የሶላር ዋጋ ከሦስት ሱቅ እየጠየቅን ነው።