እጅ የማይገባበት ጀሪካን እና ዕድሜው የሚረዝም ባለ እጀታ ስፖንጅ

ባሕር ዳር፦ ማለዳ የታለበ ወተት ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር መሰብሰቢያ ሲደርስ ከሚገጥሙት ፈተናዎች አንዱ የአልኮል ምርመራ ነው። ጥቂት ወተት ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ይቀላቀላል፤ ወተቱ ከረጋ ብዙ ጊዜ መኮምጠር ጀምሯል ማለት ነውና ተመላሽ ይሆናል። አርሶ አደሩ ላሟን በንጹሕ እጅ አልቦ፣ ወተቱንም ሳይዘገይ አድርሶ ይህ ሊደርስበት ይችላል። ጥፋቱ የጀሪካኑ ሊሆን ይችላልና። በታችኛው ጥግ ተጣብቆ ያደረው የትናንት ወተት ስስ ሽፋን ለዛሬው ወተት እርሾ ሆኖ ይጠብቀዋል።

በከተማም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ጀሪካን ለቀናት ውኃ ይዞ ይቆያል። ሰንበት ካለ በኋላ ጣት ወደ አፉ ቢገባ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይነካል። ባለሙያዎች ባዮፊልም ይሉታል፤ ተሕዋስያን ራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው በዕቃው ግድግዳ ላይ የሚኖሩበት ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን በውኃ በማለቅለቅ ብቻ አይለቅም። በረኪናም ቢሆን ከላይ ያሉትን ያጠፋ እንደሆነ እንጂ ከሥር የተሸሸጉትን በቀላሉ አያገኝም። የሚለቀው ሲፈተግ ነው።

ለመፈተግ ግን እጅ አይገባም። የጀሪካን አፍ ጠባብ መሆኑ መልካም ጎን አለው፤ ቤተሰቡ እጁንና ኩባያውን እየነከረ ውኃውን እንዳይበክል የሚጠብቀው ይኸው ጠባብነቱ ነው። ለመበከል ያስቸገረው ዕቃ ለማጠብም አስቸገረ።

እናቶች በቀደመው ዕቃ ላይ መላ አጥተው አያውቁም። የጠላ ጋንና የወተት ቅል በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ ይቀመጣል። ፕላስቲክ ግን ጭስ አይችልም። ስለዚህ በብዙ ቤት ጠጠርና አሸዋ ከጥቂት ውኃ ጋር ጨምሮ ጀሪካኑን መናጥ ተለምዷል። ዘዴው የላላውን ቆሻሻ ያነሣል። ይሁን እንጂ አሸዋው ፕላስቲኩን ይጭራል፤ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ የወተት ስብና ተሕዋስያን ይሸሸጋሉ። በአሸዋ የሚታጠብ ጀሪካን በታጠበ ቁጥር ለመታጠብ እየከበደ ይሄዳል። በእኔ እምነት ለወተት የሚውል ጀሪካን አሸዋ ጨርሶ ባይነካው ይሻላል።

የተሻለው መሣሪያ ረጅም እጀታ ያለው ስፖንጅ ነው። ከብሩሽ ይልቅ ስፖንጅ የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ከተለመደው የፍራሽ ስፖንጅ ይዘት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው አየር ነው። በጠባቡ አፍ ሲገባ ተጨምቆ ይቀጥናል፣ ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ተዘርግቶ ግድግዳውንና ጥጉን ይሞላል። ጠንካራ ጠጉር ያለው ብሩሽ ይህን አያደርግም፤ በአፉ የሚያልፍ ከሆነ ለውስጡ ያንሳል፣ ለውስጡ የሚበቃ ከሆነ በአፉ አያልፍም።

በሱቅ የሚገኘው ባለ እጀታ ስፖንጅ አብዛኛው ለብርጭቆና ለጡጦ የተሠራ በመሆኑ እጀታው ያጥራል፤ በሙጫ የተያያዘም ከሆነ ብዙ አይቆይም። ቤት ውስጥ በሚስማር ወይም በሽቦ የሚሠራውም ዕጣው ከዚህ አይሻልም። ሚስማሩ ይዝጋል፣ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ሽቦው ስፖንጁን ይቆርጣል። ሁሉም የሚበላሹት ከአንድ ቦታ፣ ከመጋጠሚያው ነው። ጊዜውም ይታወቃል። ወደ ውስጥ ሲገባ እንጨቱ ራሱ ስፖንጁን ስለሚገፋው ችግር የለም። ሲወጣ ግን የተነፋው ስፖንጅ በአፉ ጠርዝ ይያዛል፤ የሚጎትተውም ማሰሪያው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ባለ እጀታ ስፖንጅ ለመግፋት ሳይሆን ለመጎተት ታስቦ መታሰር አለበት። ስፖንጁ ጀሪካን ውስጥ ተቆርጦ ሲቀር በሽቦ ሲፈልግ የዋለ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አያሻውም።

ከእጀታው እንጀምር። ርዝመቱ የሚለካው በጀሪካኑ ቁመት አይደለም። አፉ በአንድ በኩል ስላለ ሩቁ ነጥብ በተቃራኒው በኩል ያለው የታችኛው ጥግ ነው፤ እስከዚያ ያለው ርቀት ደግሞ ሰያፍ ነው። ለአብነት ቁመቱ 40፣ ከአፉ ትይዩ እስከ ተቃራኒው ጎን ያለው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዕቃ ሰያፉ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለእጅ መያዣ 15 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት እጀታው 65 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ሜትር የሌለው ሰው ቀጭን ዱላ እስከ ሩቁ ጥግ አስገብቶ በአፉ ጠርዝ ላይ ምልክት ያድርግና አንድ ስንዝር ይጨምርበት።

ውፍረት ላይ መሳሳት አያስፈልግም። የድቡልቡል ዱላ ውፍረት ከ1 ሳንቲ ሜትር ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ ያለመጉበጥ አቅሙ 5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር በተመሳሳይ ጉልበት የሚጎብጠው 8 እጥፍ ነው። ለጡጦ የሚበቃ ቀጭን ዘንግ ለጀሪካን ሲሆን እንደ ሸንበቆ የሚለመጠው ለዚህ ነው። ቢሆንም በጣም የወፈረ እጀታ በጠባቡ አፍ ውስጥ ዘንበል ለማለት ቦታ ያጣል። ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያለው ይስማማል። እጅ የሚይዘው ጫፍ ብቻ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር በሳሙና የረጠበ እጅ አይንሸራተትበትም።

እንጨቱ የግድ ወይራ መሆን የለበትም፤ በየጓሮው ያለው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ ከሆነ ይበቃል። እርጥብ ዛቢያ የተሰካበት መጥረቢያ ከጊዜ በኋላ እንደሚወልቅ አርሶ አደር ያውቃል፤ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ማሰሪያውም በእርጥብ እንጨት ላይ ቢጠብቅ በሳምንታት ውስጥ ይላላል። በአዊ አካባቢ እንደ ልብ የሚገኘው ቀርከሃም ይሆናል። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ግን ሁለቱም ጫፎች አንጓ ላይ መቆረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ የቆሸሸ ውኃ በውስጡ ያጠራቅማል። 3 ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ ለነቀዝ ይጋለጣል። እንጨቱ በስስ የተልባ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብቶ በየመሐሉ ለቀናት ቢደርቅ ውኃ ቶሎ አይጠጣም፤ ዘይቱ አየር ሲያገኝ ይጠነክራልና። በዘይቱ የራሰው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊግልና ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ራሱ። የእጀታው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በአራት ገጽ ይጠረባል። በድቡልቡል ጫፍ ላይ የታሰረ ስፖንጅ እጀታው ሲዞር አብሮ አይዞርም፤ አራት ገጽ ያለው ግን ይይዘዋል። የጥርቡ ጠርዞችና አናቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱ፤ ስለታም ጠርዝ ስፖንጁን ከውስጥ እንደ ቢላ ይበላዋል። ጥርቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀትና የአንድ ጣት ስፋት ያለው ቦይ ይቀረጻል። ማሰሪያው የሚያርፈው እዚህ ነው፤ ቢጎተት ወደ ጫፉ እንዳይንሸራተት የቦዩ ጠርዝ ይገታዋል።

ለስፖንጁ ከፍራሽ ሠሪዎች የሚተርፍ አዲስ ቁራጭ ይሆናል። ያረጀ ፍራሽ ግን ለዚህ አይታሰብ። ስፋታቸው 4፣ ውፍረታቸው 2፣ ርዝመታቸው 28 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጥብጣቦች ይቆረጣሉ። አንዱ መሐሉ የእጀታው አናት ላይ አርፎ ጫፎቹ በሁለት ገጾች ይወርዳሉ፤ ሁለተኛው በመስቀል ቅርጽ ከላይ ተደርቦ በቀሩት ሁለት ገጾች ይወርዳል። በዚህ መንገድ አናቱ በሁለት ንብርብር ስለሚሸፈን እንጨቱ ጀሪካኑን አይጭርም። የተጣበቀ ነገርም የለበትም፤ እያንዳንዱ ጥብጣብ አንድ ወጥ ሆኖ በአናቱ ዞሮ በሁለቱም ጫፉ ታስሯል። ቢጎተት የሚላጥ መገጣጠሚያ አይኖረውም።

አራቱ ጫፎች ቦዩ ላይ ይታሰራሉ። ክር በቀጥታ ስፖንጅ ላይ ከጠበቀ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ የጣት ስፋት ያለው ጥብጣብ ሁለት ዙር ይጠመጠማል። ከላዩ የጣና ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጠግኑበት ዓይነት የናይለን ክር አሥር ዙር ያህል ተጠምጥሞ ይቋጠራል። ላስቲኩ የክሩን ጫና ያሰፋዋል፣ ክሩ ደግሞ ላስቲኩ እንዳይላላ ይይዘዋል። ለወተት ዕቃ የሚሆነው ላስቲክ ጠረን የሌለውና በሳሙና በሚገባ የታጠበ ይሁን። ጠንከር ያለ መፈተጊያ ለሚፈልግ ሰው ሽንኩርት የሚጫንበት መረብ ከረጢት ቁራጭ ከስፖንጁ በላይ ተደርቦ አብሮ ይታሰራል። መረቡ መተርተር ሲጀምር ግን መጣል አለበት፤ ክሩ ወተት ውስጥ ይቀራል።

በነገራችን ላይ የተፈጥሮ ስፖንጅ የሚበቅል መሆኑን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ሉፋ የተባለው የዱባና የቅል ዘመድ በሞቃት አካባቢ የሚበቅል ሐረግ ነው። ፍሬው ጎምርቶ ሲደርቅ ልጣጩና ዘሩ ይወጣና የተጠላለፈ ጠንካራ ቃጫ ይቀራል። በአጥር ላይ የሚያድግ ነገር የቤቱን ማጠቢያ ሲሸፍን ማየት ለግብርና ተማሪ ደስ ይላል። ለጀሪካኑ ግን እንደ ፍራሽ ስፖንጅ ተጨምቆ አይገባም። ሰፊ አፍ ላለው ዕቃ ይስማማል።

ዕድሜ የሚጠበቀው ከእጀታው ነው፤ ስፖንጁ ግን በየጊዜው ይቀየራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በጀርመኑ ፉርትቫንገን ዩኒቨርሲቲ ማርኩስ ኤገርትና ባልደረቦቹ ያገለገሉ 14 የኩሽና ስፖንጆችን መርምረው ነበር። በአንዳንዱ ቦታ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውስጥ እስከ 50 ቢሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አግኝተዋል። ባለቤቶቻቸው በየጊዜው እናጸዳቸዋለን ያሏቸውም ስፖንጆች የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ተመራማሪዎቹ ለአብነት በየሳምንቱ መቀየርን መክረዋል። ኖፊማ የተባለው የኖርዌይ የምግብ ምርምር ተቋም ባደረገው ጥናት ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ብሩሽ ከስፖንጅ ቶሎ ስለሚደርቅ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ በደረቀ ብሩሽ ላይ በብዛት ይሞታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ እጅ የሚገባበት ሰፊ አፍ ያለው የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት የወተት ዕቃ ያለው ሰው ስፖንጅ አያስፈልገውም፤ ብሩሽ ይበቃዋል። ለወተት ከጀሪካን ይልቅ ይህ ዕቃ ይመረጣል። ዋጋው ግን የሁሉም አቅም አይደለም። ሁለተኛው፣ ስፖንጁ በየጥቅሙ መካከል መድረቅ አለበት። በእጀታው መያዣ በኩል ቀዳዳ ተበስቶ ማንጠልጠያ ይግባለት፤ ስፖንጁ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀል። ወደ ላይ ከሆነ ውኃው በማሰሪያውና በእንጨቱ ይወርዳል። ቦታው ነፋሻ ጥላ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ስፖንጅ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል፤ በረኪና ውስጥ የሚዘፈዘፍም እንዲሁ። ተጨምቆ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የማይመለስ፣ የሚሸት ወይም የሚበጠስ ስፖንጅ አብቅቶለታል። ክሩ ተቆርጦ አዲስ ይታሰራል፤ እጀታው ግን ይቀጥላል።

ይህን ሠርተው ለመሸጥ የሚያስቡ የእንጨት ሥራ ማኅበራት ካሉ ጫፉን በአንድ ልክ መጥረብ ይጠቅማቸዋል። ልኩ ከተጠበቀ መቀየሪያ ጥብጣብ ከነማሰሪያው ለብቻው ሊሸጥ ይችላል። እጀታ አንድ ቤት የሚገዛው አንዴ ነው፤ መቀየሪያውን ግን በተደጋጋሚ ይፈልጋል።

አጠቃቀሙም ቅደም ተከተል አለው። የወተት ጀሪካን ወተቱ እንደተገለበጠ፣ ሳይደርቅ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይለቅለቅ። መጀመሪያ ፍል ውኃ ከገባ የወተቱን ፕሮቲን አርግቶ ግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሞቀ ውኃና በሳሙና ሩቁ ጥግ፣ የአፉ ዙሪያና የመያዣው ሥር ይፈተግ። ክዳኑና የክዳኑ ላስቲክም አይዘነጉ። በንጹሕ ውኃ ከተለቀለቀ በኋላ ጀሪካኑ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይድረቅ። የወተቱ፣ የውኃውና የበረቱ ማጠቢያ አንድ መሆን የለበትም፤ በእጀታው ላይ ለወተቱ አንድ፣ ለውኃው ሁለት፣ ለበረቱ ሦስት ጭረት በቢላ ቢሰመር ሕፃን ልጅም ይለየዋል።